ጥቁሩን መስታወት ይዤ ወደ እትአለም

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱ ቅርብ ነው፤ ወሩ ነው የጠፋብኝ። ከመስቀል በፊት ነው እንዳልል መንገድ ዳር አደይ አበባው ረግፎ አይቻለሁ፤ ከመስቀል በኋላ ነው እንዳልል ዝናቡ ገና እየመጣ ይሄድ ነበር። ብቻ ጭቃው አልደርቅ ብሎ ማስቸገሩን አልረሳሁትምና ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም ነበር ማለት ነው። እናንተ የሰላ ድንጋይ ጎረቤቶቼ ቀጨኔ የሚባለውን ሰፈር አላያችሁትም፤ የምታዩትም አይመስለኝም። ሄዶ የተመለሰ ሰው "እንዴት ነበር?" ሲባል "ደኅና" ብሎ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢዛነፍ አትፍረዱብኝ።

የሄድኩት ለእኅቴ ነው። እትአለም አስካለ ታላቄ ናት። እናታችን ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እትአለም ሙያውን ከእናታችን ተቀብላ፣ ገና በልጅነቷ ተድራ አዲስ አበባ ጉለሌ፣ ቀጨኔ ገባች። ባሏ ሞተ፤ ልጅ አልሰጣትም፤ ሸክላዋን እየሠራች ኖረች። አንድ ቀን ከግቢዋ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰይድ የሚባል ሰው ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ሆስፒታል ወስደናት ነበር። ቤቷ ትተኛ ብለው መለሷት" አለኝ። ቤቷ ትተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያውቀዋል። ወዲያው እኅቴ ስልኩን ነጠቀችው መሰለኝ፣ ራሷ መጣች።

"ተክልዬ፣ ሆዴ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ ይላሉ። አታልቅስ። ይልቅ ካሜራህን ይዘህ ና።"

ይህን ያለችው ያለ ነገር አይደለም። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝና በሰላ ድንጋይ ያላነሣሁት ሰው የለም፤ ሙሽራውን፣ ክርስትና የተነሣውን፣ ለመታወቂያ የመጣውን ሁሉ አንሥቻለሁ። የእኅቴ ፎቶ ግን የለኝም። ሳላነሣት ቀርቼ አይደለም፤ አርፋ አትቀመጥም። ልክ ስጫን ወይ አንገቷን ትመልሳለች፣ ወይ ዝንብ ታባርራለች፣ ወይ "ጨረስክ?" ትላለች። ፊቷ ሁልጊዜ ሳይደርቅ በእጅ እንደታሸ ቀለም ነው የሚወጣው። "የአገሩን ሰው አንሥተህ እኔን አቃተህ" እያለች ስትሰድበኝ ኖረች።

"አንድ ጋን ልሠራ ነው" አለችኝ በስልኩ። "የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበት የለኝም። የሠራሁት ሁሉ ተሸጦ ሄዷል፤ እጄ ላይ የቀረ የለም። ስሠራ፣ ከጋኔ ጋር አንሣኝ። ሳልታይ አልሂድ።"

ያን ጊዜ ነው ጥቁሩ መስታወት ትዝ ያለኝ። ገደላችንን ሊያነሣ የመጣ አንድ እንግዳ ዝናብ ይዞት እኔ ቤት አድሮ ነበር፤ ሲሄድ መታሰቢያ ብሎ ሰጠኝ። በካሜራው ዓይን ላይ የሚገጠም፣ ጥላሸት የመሰለ ክብ መስታወት ነው። ቀለሙን አይለውጥም፤ ብርሃኑን ብቻ ይጠጣዋል። ብርሃን ሲያንሰው ካሜራው ዓይኑን ቶሎ መክደን አይችልም፤ በቀን በጠራራ ፀሐይ እንኳ ለረጅም ጊዜ ገልጦ መቆየት አለበት። በዚያ መሐል የቆመው ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የሚንቀሳቀሰው ይሳባል። ወንዛችንን አንሥቼበት ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ውኃው ባዘቶ መስሎ ወጣልኝ። እንግዲህ እኅቴ አርፋ ካልተቀመጠች ስትንቀሳቀስ ላንሣት፣ ጋኑ ይቁም፣ እሷ እንደ ውኃው ትሁን አልኩ። ያኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

የተነሣሁ ዕለት ሌሊቱን ውርጭ መትቶን ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን ማኪናው ጭጋግ ውስጥ ነው የሄደው። ከዚያ በትልቁ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ ሁላችንም ወርደን ዕቃችንን ዘረጋን። አንድ ወጣት ፈታሽ መስታወቱን ከጨርቁ አወጣው።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የካሜራ መስታወት ነው፣ ልጄ።"

ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ እኔ አየ። "ምንም አያሳይም እኮ!"

"አዎ፣ እንዲያጨልም ነው የተሠራው።"

"ሰው ካሜራ የሚይዘው ለማየት ነው። እርስዎ ላለማየት ነው እንዴ?"

ከኋላዬ የቆመች ቅርጫት የያዘች ሴት፣ "ሽማግሌ ናቸው፣ ተዋቸው! ያዩት ይበቃቸዋል" አለችው፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያ ልጅ ግን የተናገረው ነገር ኋላ ላይ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኝ ጀመር።

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ስንወርድ ዝናብ ነበር። በታክሲ ላይ ታክሲ እየቀየርኩ፣ የካሜራውን ሦስት እግር እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ቀጨኔ ደረስኩ። የእኛ አገር ገደል ዝም ብሎ ገደል ነው፤ ጭላዳ እንጂ ሰው አይኖርበትም። የቀጨኔ ገደል ግን ቤት ከቤት ተደራርቦበት የአንዱ ደጃፍ የሌላው ጣራ ነው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ለመጣራት ጉብታ ላይ ይወጣል፤ እዚህ ሰው ሲያስነጥስ በግድግዳው ማዶ "ይማርህ" ይሉታል። ሰይድ ታች መንገዱ ድረስ ወርዶ ጠበቀኝ። ወሎዬ ነው፤ ጎልማሳ፣ ሰፊ ሰው፣ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ፣ "ቀስ ይበሉ ጋሼ፤ ይሄ ዳገት ወጣቱንም ያስለከልካል" እያለ እያሳረፈ ወሰደኝ።

እትአለም በሯ ላይ ምርኩዝ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ከሆዷ በስተቀር የቀራት የለም። ልስማት ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን ቀድማ፣

"ሸበትክ!" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔማ ሸብቼ ጨርሻለሁ። ካሜራው የታለ?"

የእሷ ክፍል ሁለት ሰው አያስተኛም። ሰይድ ከሱቁ ጀርባ፣ በሳሙና ካርቶንና በመኮሮኒ መሐል ፍራሽ ዘርግቶልኝ ነበር። ከብርዳችን ወርጄ የሳሙና ሽታ እየሸተተኝ ተኛሁ። ለራት የሰይድ ባለቤት ምስር ወጥና ሽሮ ይዛ መጣች። ትሪውን ስታስቀምጥ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣

"አባባ፣ ሲበሉ እንዳይሳቀቁ" አለችኝ። "እኛ ቤት የሚታረደው ሥጋ ለእናንተ እንደማይሆን አውቃለሁ። እርስዎ እስካሉ ድረስ በዚህ ቤት ሥጋ አይሠራም።"

"እኔንም አስጾመችኝ እኮ ጋሼ!" አለ ሰይድ። "እርስዎ ይጾማሉ፣ የምከሳው እኔ!"

ሳቅን። በሄድኩበት አገር ሁሉ እንግዳ ተቀብሎኛል፤ እምቢ ከማለት ጭንቀት አስቀድሞ ያዳነኝ ግን ያ ቤት ብቻ ነው።

በማግስቱ የጭቃው ቀን ነበር። ከላይ ከእንጦጦ በኩል አፈር ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ እትአለም ቀዩንም ጥቁሩንም አስመጣች። ድሮ እናታችን ከሰላ ድንጋይ ጀርባ እኛን አስከትላ እየቆፈረች ነበር የምታመጣው፤ እዚህ አፈርም ደጅ ድረስ ይመጣል። እትአለም መነሣት አልቻለችም፤ ተቀምጣ ታዛለች። የሰይድ ባለቤት የተሰበረ ሸክላ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ዱቄቱን ከጭቃው ጋር አቦካችው። እኔም ልርዳ ብዬ እግሬን አስገባሁ።

"አውጣ!" አለችኝ እትአለም። "ጠጠር ይዘህ ገብተህ ጋኔን ልታፈነዳው ነው? የፎቶ እግር ነው ያለህ።"

"የፎቶ እግርማ እዚያ ቆሟል፣ ሦስት ነው" አለ ሰይድ ከሱቁ በር።

እትአለም ስትስቅ ሆዷን ይዛ ፊቷ ጠቆረ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ደመና ነበር፤ ለእኔ ደኅና ብርሃን ነው። እትአለም የሰይድ ባለቤት ያጠጣቻት አጥሚት ጉልበት ሰጥቷት ራሷ ተነሣች። መጀመሪያ ካሜራውን ያለ መስታወቱ አሰናድቼ፣ ከጭቃው አጠገብ ቁጭ አድርጌ አነሣኋት። ለአንድ ጊዜ አርፋ ተቀመጠች። አሳየኋት።

"ይሄማ ለለቅሶዬ ድንኳን የሚሰቀለው ነው" አለች። "አልፈልገውም። ሬሳ ሆኜ ነው የተቀመጥኩት።"

ስትሠራ ደግሞ ካሜራው ዓይኑን ቶሎ እንዲከድን አድርጌ አነሣኋት። አንድ እግሯ አየር ላይ፣ አፏ የተከፈተ ወጣች።

"ይቺ ደግሞ የምትወድቅ አሮጊት ናት። እኔ ስሠራ እንዲህ ነኝ?"

አይደለችም። ሸክላ ሲሠራ ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ጭቃው አይዞርም፣ የምትዞረው ሠሪዋ ናት። የጭቃውን ጉብታ መሬት ላይ አቁማ፣ በጡጫዋ መሐሉን ትከፍተውና፣ አንድ እጇን ከውስጥ አንድ እጇን ከውጭ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ እየተራመደች ትዞረዋለች። በዞረች ቁጥር ግድግዳው ያድጋል። እትአለም ግቢ ውስጥ እግሯ የቦረቦረው ክብ አለ፤ ውኃ ይቋጥራል። አንድ ዕድሜ ሙሉ በዚያ ክብ ውስጥ ነው የሄደችው። መንገዷ ቢዘረጋ ሰላ ድንጋይን አልፎ የት በደረሰ።

እንግዲህ ጥቁሩን መስታወት አወጣሁ። አንዴ ከተገጠመ በካሜራው ውስጥ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ አስቀድሜ ጋኑ ላይ አጥርቼ ነው የገጠምኩት። ካሜራው ላይ የሚሰካ ገመድ አለኝ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነው እስካልለቀቁ ድረስ ዓይኑን ገልጦ ይቆያል። ሰዓት አላይም። እናታችን ጊዜ የምትለካው በጸሎት ነበር፣ እኔም እንደዚያው ረጋ ብዬ አቡነ ዘበሰማያት እየደጋገምኩ ነው የምቆጥረው።

"ምን እያንሾካሾኩ ነው?" አለኝ ሰይድ።

"እየቆጠርኩ ነው።"

"እንግዲያው እኔም ፋቲሃ ልቅራና እንተያይ፤ ቢሳሳቱ ምስክር ይሆነኛል።"

ሁለታችንም ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን ቆምን። እትአለም ትዞራለች። እንዴት ያለ አዟዟር! ሕመሟ የት እንደሄደ እንጃ። አንድ ጊዜም አልቆመች፤ እንደ ልጅነቷ፣ እናታችን "በቃሽ" እስክትላት ድረስ እንደምትዞረው ዞረች። የጋኑ አንገት ከእጇ ሥር ወጣ። ቁልፉን ስለቅቅ ልቤ ሞልቶ ነበር። "ያዝኩሽ!" አልኳት።

ፎቶው እስኪወጣ ጠበቅን። ሁላችንም አንገታችንን አስገባን።

ጋኑ ነበረ። ጥርት ብሎ፣ ጭቃው እንኳ ሲያብለጨልጭ። ክቡ ነበረ፣ ግድግዳው ነበረ፣ ያስቀመጠችው የውኃ ጣሳ ነበረ። እትአለም አልነበረችም። ብዥ ያለ፣ ትንፋሽ የመሰለ ነገር እንኳ የለም። ጋኑ ብቻውን የበቀለ ይመስላል።

"የታለሁ?" አለች።

የተሳሳትኩት ወንዙ ላይ ነው። ወንዝ ሲያልፍ ሌላ ውኃ ይተካዋል፤ በዚያው ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ያልፋልና መስታወቱ ባዘቶ አድርጎ ይይዘዋል። ሰው ግን ሲያልፍ የሚተካው የለም። ካለበት ቦታ ሁሉ ቶሎ ስለሄደ መስታወቱ የትም አላገኘውም።

"መስታወትህ በላኝ በለኛ" አለች እትአለም፤ ድምፅዋ አልተቆጣም፣ እሱ ነው የባሰው። "ቀድሜ ሄጃለሁ ማለት ነው።" ገብታ ተኛች።

ያን ሌሊት የሳሙና ካርቶኖቹ መሐል እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ሲያረጅ እጁ እንጂ ሙያው አይከዳውም ይባላል፤ እኔን ሙያዬ ነው የከዳኝ። ጋኑ ከአንገቱ ወደ ታች ተሠርቷል፤ ጠንከር ሲል ይገለበጥና ቂጡ ይዘጋል፤ ከዚያ አልቋል። ያለኝ ዕድል ያ ብቻ ነው። እሷም ያላት ያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዝናብ ስለያዘ ጋኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ዋለ። እትአለምም ተሸፍና ዋለች፤ ውኃ ብቻ ነው የቀመሰችው። ሳያት መቆም አቃተኝ። ዊንጌት በኩል ፎቶ ቤት አለ ሲሉኝ ጠቆር የማይል ፈዘዝ ያለ መስታወት ባገኝ ብዬ ሄድኩ። ሰውየው ደግ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። "አባባ፣ አሁን ሁሉም በስልኩ ነው የሚያነሣው። እኔም ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው። ይህን ነገር ካየሁትም ቆየሁ" አለኝ። ተማሪዎች እየተሳሳቁ በዝናቡ ያልፋሉ፤ ማንም ቆሞ የሚታይ የለም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሚሄድ መሰለኝ።

ስመለስ ደግሞ ተሳስቼ ሌላ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ የጠራውን እኔ ሳልሰማ ተኝቼ፣ ስነቃ ሸጎሌ የከብት ገበያው ዘንድ ነኝ። በግ፣ በሬ፣ ፋንድያ፣ የረጠበ ጠጉር ሽታ። የቅዳሜ ገበያችን ነው የመሰለኝ። አንድ በሬ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። አንድ በግ ነጋዴ አየኝና፣ "አባቴ፣ ተሰረቁ እንዴ?" አለኝ። መንገድ ጠፍቶኝ ነው ስለው በጎቹን ለጓደኛው ትቶ፣ በጭቃው ውስጥ ክንዴን ይዞ የቀጨኔ ታክሲ ድረስ አደረሰኝ፣ ለረዳቱም "እኚህን ሽማግሌ እንዳትጥላቸው፣ የእኔ ናቸው" አለው። ስሙን አላውቀውም። እግዜር ይስጠው።

ሰይድ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። "ጋሼ፣ እሷን ፍለጋ መጥተው እኛ እርስዎን ፍለጋ ልንወጣ ነው?" አለኝ። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ባለቤቱ ትሪውን አላነሣችም፤ ሸፍና አጠገቤ ተወችው።

ዝናቡ ያባራ ዕለት ጋኑ ጠንከር ብሎ ነበር። እኔና ሰይድ ተጋግዘን አፉን ወደ መሬት ገለበጥነው። ቂጡ ገና ክፍት ነው፤ እትአለም ግድግዳውን ወደ መሐል እየሰበሰበች፣ እየዞረች፣ ልትዘጋው ነው። ሰይድ ሱቅ ደንበኛ መጥቶበት ሄደ። ባለቤቱ የእትአለምን አጥሚት ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ዛሬ ቀስ ብለሽ ዙሪ" አልኳት እኅቴን።

"በፍጥነት ልዙር ብልስ ጉልበቱ የት አለኝ?" አለች።

አጠራሁ፣ መስታወቱን ገጠምኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። አቡነ ዘበሰማያቱን ጀመርኩ። ጥቂት ዞረችና ቆመች። ግንባሯን ጋኑ ላይ ደገፈች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። የምቆጥረው ጠፋኝ። አሁንም ተበላሸ፤ ልልቀቀውና ልደግፋት ብዬ ስነሣ የሰይድ ባለቤት ከጎኔ ደርሳለች።

"አይልቀቁት፣ አባባ።"

"ቆመች እኮ! ሥራው ተበላሸ።"

"ትቁም። እሷ እስክትጨርስ አይልቀቁት።"

ገመዱን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ቁልፉ ለአፍታ እንኳ ሳይነሣ አውራ ጣቷን በእኔ ጣት ቦታ ተካች። ወደ እትአለም ሁለት እርምጃ ሄድኩ።

"ወግድ!" አለችኝ እትአለም፣ ግንባሯን ሳታነሣ። "ፎቶዬ ውስጥ ልትገባ ነው? አንተን ማን ጠራህ!"

ተመልሼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ማድረግ ይቻለኛል? እሷ እንደገና ዞረች። እንደገና ቆመች፤ በአንድ እጇ ጎኗን ይዛ፣ አንዱን ጋኑ ላይ አድርጋ። ደግሞ ዞረች። የሰይድ ባለቤት ፋቲሃ እየቀራች ቁልፉን ይዛለች፤ እኔ ጸሎቴን እንዳቋረጥኩ ነኝ። በመጨረሻ እትአለም ተረከዟ ላይ ቁጢጥ አለች። ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። ቆየች። በዕድሜዋ እንደዚያ አርፋ የተቀመጠችበትን ጊዜ አላውቅም።

"በቃኝ" አለች።

ያን ጊዜ ነው የሰይድ ባለቤት ቁልፉን የለቀቀችው። የጋኑ ቂጥ ሳይዘጋ የመዳፍ ስፋት ይቀረው ነበር።

ፎቶውን አልጋዋ ላይ ወስጄ አሳየኋት። ጋኑ በመሐል ቆሟል። በዙሪያው ሦስት እትአለም አለች፤ በስተኋላዋ ያለው ግድግዳ በሰውነቷ ያሳልፋል፤ ግን ፊቷ ይለያል። አንደኛዋ ግንባሯን የደገፈችው፣ ሁለተኛዋ ጎኗን የያዘችው፣ ሦስተኛዋ ቁጢጥ ያለችው። ስትሠራ፣ ስትዞር የነበረችበት ሁሉ ባዶ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ሲያመኝ ሲያመኝ ነው የያዝከኝ" አለች።

"አጠፋዋለሁ፣ እትአለም። ነገ ደግሞ..."

"ምን ነገ አለና? ተወው።" መልሳ አየችው። "ደኅና ስሆንማ የለሁም። ያለሁት ይሄው ነው።"

ማታ ሰይድ፣ ጎረቤት ካሉት ሠሪዎች አንዷ ጋኑን ትጨርሰው ይሆን ብሎ ጠየቃት። "የሌላ እጅ አይነካውም" አለች። "እንደዚያ ከሆነ ፎቶው ሐሰት ይሆናል።" ከዚያ በኋላ ስለ ጋኑ አላነሣችም። እኔም ካሜራውን ከጨርቁ አላወጣሁም። እሷው ቤት ገብቼ እግሯን እያሸሁ የሰነበትኩትን ቀን አልጽፍም፤ ለሰው የሚሆን ነገር የለውም።

የመመለሻዬ ቀን መነሣት አልቻለችም። "ለለቅሶ እንዳትመጣ" አለችኝ፤ "መንገዱ ይጎዳሃል። ልታየኝ መጥተሃል፣ አይተኸኛል።" አንገቷን ሳምኩ። ዳገቱን ስወርድ ሰይድ ሻንጣዬን ይዞ ነበር፤ የሚቀልድበት ነገር አላገኘም።

ቤቴ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ሰይድ ደወለ። ሳያወራ ገባኝ። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ማኪና አልነበረም፤ እሷ እንዳለችው አልደረስኩም። ጋኑ እሳት ሳይገባ፣ ቂጡ እንደተከፈተ ደርቆ ተሰነጠቀ አሉኝ። ክቡም ግቢው ውስጥ ውኃ ቋጥሮ ይሆናል። ፎቶውን አሳጥቤ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የሚገባ ሰው ሁሉ፣ "እነዚህ ሦስት አሮጊቶች እነማን ናቸው?" ይለኛል። አንዲት ናት እላለሁ። ጤነኛ ብትሆን ኖሮ እዚያ ላይ አትገኝም ነበር የሚለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ለእናንተ ጻፍኩት። መስታወቱን መልሼ አልገጠምኩትም። ያ ፈታሽ ልጅ ላለማየት ነው ወይ ብሎኝ ነበር፤ እኔማ አየሁ፣ ማየት ያልፈለግሁትን ነው ያየሁት።

ያን ቀን ቁልፉን ብለቅቀው ኖሮ ይህችም ፎቶ አትኖርም ነበር። ምስር ያበላችኝን፣ ያልበላሁትን ትሪ ሸፍና የተወችልኝን፣ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ እኅቴን እስክትጨርስ የያዘችልኝን ሴት ስሰናበት፣ ስንሰነብት ስሟን እንኳ አለመጠየቄ ትዝ አለኝና በሯ ላይ ቆሜ ጠየቅኳት።

ዘሃራ ትባላለች።